ለገበታ የሚሆነውን ዕንጨት በርጥቡ ሳለ ስለ መላጥ

በአምቦና በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ፣ በሆለታና በአዲስ ዓለምም በኩል በሚገኘው አገር የዕንጨት ገበታ ያላየ ተማሪ አይገኝም። ሊጥ ይቦካበታል፤ ገንፎ ይቀርብበታል፤ ጩኮ በቅቤ ይታሽበታል፤ ለእግር ውሃ የሚሆንም ሌላ ገበታ አለ። ዛሬ በየገበያው የብረትና የፕላስቲክ ዕቃ በዝቶ ይታያል፤ ነገር ግን ገንፎ ሙቀቱን ጠብቆ የሚቈየው በዕንጨት ገበታ ነው፤ ይህነንም እናቶቻችሁ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ከነዚህ ገበታዎች አንዳንዱ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ አንዳንዱ ግን ገና ዓመት ሳይሞላው ከከንፈሩ እስከ ቂጡ ይሰነጠቃል፤ ወይም ውስጡን ትል በልቶት ዱቄት እየረገፈ ይገኛል። ባለቤቱም ዕንጨቱን ይረግማል፤ ዓይን በላው የሚልም አለ። ዕንጨት ግን የዓይን ነገር የለበትም። የጥፋቱ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ዛፉ በወደቀበት በመዠመሪያው ሳምንት ውስጥ በተሠራው ወይም ባልተሠራው ሥራ ነው። ከዚያም ሥራ ሁሉ የሚቀድመው ልጡን መላጥ ስለ ሆነ የዛሬው ትምህርታችን ስለዚሁ ነው።

አስቀድሞ የግንድን አካል ማወቅ ይገባል። አንድ ግንድ በመጋዝ ተቈርጦ ፊቱን ብትመለከቱ ከሁሉ ውጭ ሻካራና ደረቅ የሆነው ቅርፊት ይታያል፤ ይህ ለዛፉ እንደ ልብስ ነው፤ ከፀሐይ፣ ከእሳትና ከከብት ጥርስ ይከላከልለታል። ከቅርፊቱ ቀጥሎ ርጥብና ለስላሳ የሆነው ልጥ አለ፤ ገበሬ ማገር የሚያስርበት ይህ ነው። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ያዘጋጀው ጣፋጭ ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በዚሁ በልጡ በኩል ነው። ከልጡና ከዕንጨቱ መካከል ደግሞ ከወረቀት የሚሳሳ፣ በጣት ሲነኩት የሚያዳልጥ ሽፋን ይገኛል። ዛፍ የሚወፍረው በዚህ ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ ወደ ውስጥ አዲስ ዕንጨት፣ ወደ ውጭ አዲስ ልጥ ያበቅላል። ከርሱ ወዲያ ነጩ ዕንጨት አለ፤ ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣው በነጩ ነው። በመካከል ያለውና ጠቈር ብሎ የሚታየው የዕንጨቱ ልብ ይባላል፤ በልቡ ውስጥ ውሃ መመላለሱን ትቷል፤ እርሱም ከነጩ ይልቅ ትልን ይቋቋማል። ተማሪው ይህነን በሥዕል ከማየት ይልቅ ለማገዶ የመጣውን ፍልጥ አንሥቶ በጥፍሩ እየፋቀ ቢመረምር ይሻለዋል።

ዛፉ ቆሞ ሳለ ቅርፊቱ ጠባቂ ነው፤ ዛፉ ከወደቀ በኋላ ግን ጠባቂነቱ ተለውጦ የሌባ መሸሸጊያ ይሆናል። ልጡ ጣፋጭ ነውና ጥንዚዛ ሸትቶት ይመጣል፤ በቅርፊቱ ንቃቃት ውስጥም ዕንቍላሉን ይጥላል። ከዕንቍላሉ የሚፈለፈለው ትል በልጡና በዕንጨቱ መካከል እየበላ መንገድ ይቈፍራል፤ ካደገም በኋላ አብዛኛው ወደ ዕንጨቱ ውስጥ ይገባል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ግንዱ ደኅና ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ ሲወድቅ ጸሓፊ ያልጻፈው ጽሕፈት የመሰለ የተጠማዘዘ መሥመር በዕንጨቱ ላይ ይገኛል፤ በዚያን ጊዜ ግን ትሉ ሥራውን ፈጽሟል። ቶሎ የተላጠ ግንድ ግን ለእንደዚህ ያለው ጥንዚዛ ቤት አይሆነውም፤ ዕንቍላሉን የሚሸሽግበት ቅርፊት፣ ልጁም የሚመገበው ልጥ የለውምና።

ነገሩን ላለማጋነን ግን አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ደረቁን ነጭ ዕንጨት የሚበላና እንደ ዱቄት የሚያደርገው ሌላ ነቀዝ አለ፤ እርሱ ቅርፊት አይፈልግም፤ የሚፈልገው በነጩ ዕንጨት ውስጥ የተከማቸውን ምግብ ነው። ስለዚህ ልጡን መላጥ ከትል ሁሉ ያድናል ብሎ ማስተማር ስሕተት ነው። ከዚህኛው ነቀዝ የሚያድነው በገበታው ላይ ነጩን ዕንጨት ማሳነስ፣ የሚቻልም እንደ ሆነ ፈጽሞ ጠርቦ ማውጣት ነው።

ሁለተኛው ጕዳት ከእርጥበት የሚመጣ ነው። አዲስ የተቈረጠ ዕንጨት የተሸከመው ውሃ ከደረቀ አካሉ ክብደት ግማሹን ያህል ነው፤ አንዳንዱ ዕንጨትም ከዚያ አልፎ ከአካሉ ጋራ የተካከለ ውሃ ይይዛል። ቅርፊቱ ይህ ውሃ በጎን በኩል እንዳይወጣ ይከለክለዋል። በዝናምና በሞቃት ቀን ተዘግቶ የቈየ ርጥብ ዕንጨት ደግሞ ይሻግታል፤ በመዠመሪያ ሰማያዊና ጥቍር ጥላ የመሰለ ነገር ይገባበታል፤ ኋላም ይበሰብሳል። ሻጋታው ልጁን የማይጐዳ መስሎት ገበታውን የሚሠራ ቢኖር፣ ያ ገበታ ሽታውን ለሊጡ እንደሚሰጥ ይወቅ።

ሦስተኛው ነገር የመሣሪያ ነገር ነው። ግንድ ከጫካ ሲጐተት በቅርፊቱ ላይ አሸዋና ጠጠር ይጣበቃል፤ ከነቅርፊቱ የሚፈለፍል ሰው መሮውንና መጥረቢያውን በድንጋይ ላይ እንደሚመታ ሰው ነው፤ ከሥራው ሰዓት ብዙው በመሳል ያልቅበታል። በከተማ ያሉ አናጢዎች ዕንጨትን በሚያሽከረክር መኪና፣ ይኸውም ቶርኖ በሚባለው፣ ጻሕን የሚያወጡ እንደ ሆነ ነገሩ ከዚህ ይከፋል፤ የላላ ቅርፊት በመኪናው ኀይል ተፈናጥሮ የሠራተኛውን ዓይን ይመታል። በከንፈሩ ላይ ጥቂት ቅርፊት ለጌጥ ብለው የሚተዉም አሉ፤ ልጥና ዕንጨት ግን ሲደርቁ እኩል አይኰማተሩምና ጌጡ አብዛኛውን ጊዜ ተላቆ ይወድቃል። እኔስ ሊጥ በሚቦካበት ዕቃ ላይ እንዲህ ያለውን ጌጥ አልወደውም።

የብራና ሥራ ያየ ሰው ይህ ትምህርት አዲስ አይሆንበትም። ብራና የሚፋቅ ቆዳ በውሃ ከተነከረ በኋላ በዐራት ማዕዘን ዕንጨት ላይ ተወጥሮ ሥጋውና ስቡ ርጥብ ሳለ ይፋቃል፤ ከነሥጋው የደረቀ ቆዳ ግን ይሸታል፣ ይጠነክራል፣ ቀለምም አይቀበልም። የዛፍም ቆዳ እንዲሁ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት በ30ኛው ምዕራፍ ያዕቆብ በትሮችን በላጠ ጊዜ የመረጠው ርጥቡን እንጂ ደረቁን እንዳልሆነ ንባብ የተማረ ሁሉ ያስታውሳል። መጻሕፍቱ ራሳቸው የሚጠረዙበት ገበታ፣ ማለት የብራናው መጽሐፍ ሽፋን የሚሆነው ሳንቃ፣ በአገራችን ብዙውን ጊዜ ከዋንዛ የተጠረበ ነው። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የተጠረዙ መጻሕፍት ሳንቃቸው ሳይጣመም እስከ ዛሬ መቈየቱ የዚያን ዘመን ጠራቢዎች ትዕግሥት ያስረዳል።

አሁን ጊዜውን እንመልከት። ዛፍ በሚያድግበት ወራት፣ ይኸውም ከሰኔ ዠምሮ እስከ መስከረም፣ ያ የሚያዳልጠው ሽፋን ውሃ ሞልቶበታልና ልጡ ከዕንጨቱ በቀላሉ ይለያል፤ ጫፉን በመጥረቢያ አንሥቶ የሳበ ሰው ረዥም ሆኖ ይመጣለታል። በበጋ ግን ልጡ በዕንጨቱ ላይ ይጣበቃል፤ መጥረብን እንጂ መሳብን አይቀበልም። ይህ ከሆነ ክረምት ይሻላል ሊባል ነው፤ ነገር ግን በክረምት ሻጋታው ይፈጥናል፤ መንገዱም ጭቃ ነው። በበጋም የደጋው ነፋስና ፀሐይ የተላጠውን ዕንጨት ባንድ ቀን ይሰነጥቀዋል። እንግዲህ በእኔ አስተያየት ለዚህ አገር የሚስማማው ዝናሙ ሲያበቃ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መዠመሪያ ያለው ጊዜ ነው፤ ልጡ ገና አልተጣበቀም፤ ሰማዩም ጠርቷል። ወሩ ምንም ቢሆን ግን ዋናው ነገር በተቈረጠበት ቀን መላጥ ነው። ዛሬ በእጅ የሚሳበው ልጥ ከሳምንት በኋላ በመጥረቢያ የሚለመን ይሆናል። ባሕር ዛፍ ለቤት ቋሚ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህነን ስለሚያውቁ ዛፉ እንደ ወደቀ እዚያው ጫካ ውስጥ ይልጡታል።

ሥራው እንዲህ ነው። ግንዱ በሁለት ድንጋይ ወይም በሁለት ጕማጅ ላይ ከፍ ብሎ እንዳይንከባለል በሽብልቅ ይያዛል። ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቅርፊቱን በመጥረቢያ ዐልፎ ዐልፎ በመምታት አንድ ቀጥ ያለ መሥመር ያወጡለታል፤ መጥረቢያው እስከ ዕንጨቱ ይድረስ እንጂ ዕንጨቱን አይጕዳ። በመሥመሩ ውስጥ ጫፉ ሰፋ ያለ የዕንጨት ሽብልቅ ይገባና ልጡ በግራና በቀኝ ይነሣል። ብረት ከመሆኑ ይልቅ ዕንጨት የሚሻልበት ምክንያት ብረቱ ገበታ የሚሆነውን አካል ስለሚጭረው ነው። ላጩ ከግንዱ ጐን ይቁም፤ መሣሪያውን ከአካሉ ወደ ውጭ ይግፋ፤ ሕፃናትም ከፊቱ አይቁሙ። በጕጥ አጠገብ ልጡ አጥብቆ ይይዛልና በዚያ ቦታ መሳቡን ትቶ በመሮ ማንሣት ይሻላል። ልጡ ካለቀ በኋላ የሚያዳልጠው ነገር በጭብጥ ሣር ወይም በሻካራ ጨርቅ ይታሽ፤ ሻጋታ የሚዠምረው ከርሱ ነው። የወጣው ልጥም አይጣልም፤ ርጥብ ሳለ ተጠምዞ ገመድ ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ቀላል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው።

አንዳንድ ጠራቢዎች ቅርፊቱን ሆን ብለው ይተዉታል፤ ምክንያታቸውን ሲጠየቁም የተላጠ ዕንጨት ይሰነጠቃል ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ከእውነቱ ግማሹን ይዘዋል። ቅርፊት የዕንጨቱን ውሃ ይዞ በዝግታ እንዲደርቅ ያደርገዋል፤ እርሱን ገፍፎ ግንዱን በፀሐይ ያስቀመጠ ሰው በማግሥቱ ስንጥቅ ያገኛል። ስለዚህ ልጡን የገፈፈ ሰው የልጡን ሥራ ራሱ መውረስ አለበት።

የዚህም ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዕንጨት ውሃውን መጣል በዠመረ ጊዜ ወዲያው አይኰማተርም። በመዠመሪያ የሚወጣው በዕንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ እንደ ጋን ውሃ ያለው ነው፤ ይህ ሲወጣ ክብደቱ ይቀንሳል እንጂ መጠኑ አይለወጥም። የቀረው ውሃ ከደረቁ አካል ከመቶ 30 ያህል ሲሆን ግን ከዕንጨቱ ሥጋ ጋራ የተዋሐደው ውሃ መውጣት ይዠምራል፤ መኰማተርም የሚዠምረው ያን ጊዜ ነው። ደግሞም ዕንጨት በቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኰማተረው ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ከሚኰማተረው እጥፍ ያህል ነው፤ በርዝመቱ ግን መኰማተሩ እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ ሙሉ ግንድ ዙሪያው ሲጠብብ መካከሉ አልጠብም ስለሚለው ከመሰንጠቅ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ውሃውም ከጐን ይልቅ በተቈረጡት ጫፎች እጅግ ፈጥኖ ይወጣልና ስንጥቁ ሁልጊዜ ከጫፍ ይነሣል።

ይህነን የተረዳ ተማሪ መድኃኒቱን ራሱ ሊያገኘው ይችላል። ልጡ እንደ ወጣ ሁለቱ ጫፎች በጭቃና በእበት ድብልቅ ወፍራም ሆነው ይለቀለቁ፤ ሰም ወይም ቀለም ያለው ሰው እርሱን ይቀባ። ግንዱ በጥላ፣ ነፋስ በማይመታው ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሳይቈዩ በመካከሉ በሽብልቅ ለሁለት መክፈል ነው፤ መካከለኛው ነጥብ በሁለቱም ክፋይ ላይ ተጠርቦ ይውጣ፤ እርሱን ይዞ የቀረ ገበታ ከመሰንጠቅ አያመልጥም። ከዚያ ገበታው በርጥቡ በሻካራው ይፈልፈል። ርጥብ ዕንጨት ለመሮ ለስላሳ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ሁለት ቀን የሚፈጀው ባንድ ቀን ያልቃል። ከንፈሩ ግን ወፍራም ሆኖ ይቅር፤ የአፉ ስፋት 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ማለት ሦስት ጣት ገደማ ይሁን፤ ቂጡና ከንፈሩም በውፍረት አይበላለጡ፤ ቀጭኑ ቀድሞ ደርቆ ወፍራሙን ይስበዋልና። እንዲህ የተፈለፈለው ከራሱ ፍቅፋቂ ጋራ በጆንያ ተጠቅልሎ በቤት ጥግ ይቀመጥ፤ ፍቅፋቂው የረጠበ እንደ ሆነ በየጥቂቱ ቀን በደረቅ ይለወጥ። ሲደርቅ ክቡ ወደ ሞላላ ይለወጣል፤ ይህ ጕድለት አይደለም፤ ውፍረት የተተወለት ለዚህ ነው። ወራት ቈይቶ ክብደቱ መቀነሱን ሲተው በመጨረሻ ይስተካከላል፣ ይላጋል፣ ይቀባል። ለመቀባት ብዙ ሰው ቅቤ ይወዳል፤ ነገር ግን ቅቤ አይደርቅም፤ ሲቈይም ይሸታል። የኑግ ዘይት በዝግታም ቢሆን በዕንጨቱ ላይ የሚደርቅ ዘይት ነውና በስሱ እየቀቡ ማሰንበት ይሻላል፤ ኑግም በአገራችሁ ይበቅላል።

ስለ ዕንጨቱ ዓይነት በአጭሩ ልናገር። በዚህ አገር ብዙው ሕዝብ ኦሮምኛ ስለሚናገር መምህሩ የዛፉን ስም በሁለቱም ቋንቋ ያስተምር፤ ዋንዛ ዋዴሳ፣ ወይራ ኤጄርሳ፣ ዝግባ ቢርቢርሳ፣ ብሳና መካኒሳ ይባላል። በአዲስ አበባ መካኒሳ የሚባለው ሰፈር፣ በምዕራብ ሸዋም ኤጄርሳ ላፎ የሚባለው ወረዳ በዛፍ ስም የተጠሩ ናቸው። ለገበታ ከሁሉ የሚመረጠው ዋንዛ ነው፤ ለመሮ ይታዘዛል፤ ከሌሎች ይልቅም ጥቂት ይሰነጠቃል። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ለዘነዘናና ለመጥረቢያ እጀታ ይበልጣል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ እጅግ ስለሚኰማተርና ስለሚጣመም ለገበታ አይሆንም። ብሳና ሆድ የሚያስሮጥ መድኃኒት የሚወጣበት ዛፍ ነውና ለምግብ ዕቃ ባይውል እመርጣለሁ።

ዋንዛን ለመቍረጥ ግን መጥረቢያ መያዝ ብቻ አይበቃም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ለይቶ ከመቈረጥ ጠብቋቸው ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ የደን አዋጅ ተተክቷል። ስለዚህ አስቀድሞ የወረዳውን የደን ሠራተኛ መጠየቅ፣ በራስ ግቢ የተተከለም ቢሆን ፈቃዱን ማጣራት ይገባል። የዚህ ምክንያቱ በዚሁ አገር ታሪክ ይታያል። በ1890ዎቹ መዠመሪያ ዓመታት በአዲስ አበባ ማገዶ ጠፍቶ ስለ ነበር ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ለመናገሻ ደን ወደምትቀርበው ወደ አዲስ ዓለም ከተማቸውን ሊያዛውሩ ዐስበው ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር። ኋላ ባሕር ዛፍ ተስፋፍቶ ዋና ከተማነቱ በአዲስ አበባ ጸና፤ በአዲስ ዓለምም ቤተ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የዕንጨት ማነስ መንግሥትን ያህል ነገር ከቦታው ሊያነሣ ደርሶ ነበር ማለት ነው። አንድ ዋንዛ ለገበታ እስኪደርስ ልጅ ተወልዶ ጐልማሳ ይሆናል፤ በአንድ ቀን ስንፍና ተሰንጥቆ ማገዶ የሆነ ግንድ የዚያን ሁሉ ዓመት ዕድሜ ይዞ ይነዳል።

ስለ መላጥ ስናገር ተማሪው የቆመውን ዛፍ ሄዶ እንዳይልጥ ደግሞ እሰጋለሁ። ከብት ጠባቂ ልጆች ለገመድና ለጅራፍ ብለው የቆመ ዛፍ ልጥ ሲገፍፉ ይታያል። ልጡ ዙሪያውን የተገፈፈ ዛፍ ወዲያው አይጠወልግም፤ ውሃው በነጩ ዕንጨት መውጣቱን አይተውምና ቅጠሉ ለጊዜው ለምለም ነው። ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው ምግብ ግን ተቋርጧል፤ ሥሩም ተርቦ ይሞታል፤ ዛፉም ይከተለዋል። ገመድ የሚያስፈልገው ልጅ ከተቈረጠው ግንድ ልጥ ይውሰድ።

መምህራን ደግሞ ይህነን ሥራ ለተማሪ ሲሰጡ የሚያፍር ልጅ ሊያጋጥማቸው ይችላል፤ ዕንጨት መፈልፈልን የዝቅተኛ ሰው ሥራ አድርጎ የሰማ ብዙ ነው። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው እንዳይሰድቡት በአዋጅ ከልክለዋል፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ቈይቷል። እንዲህ ያለው ልጅ በገበያ ቀን ገበታ ከሚሸጡት ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጦ «አባባ፣ ይህ ዕንጨት መቼ ተቈረጠ? መቼስ ተላጠ?» ብሎ ይጠይቅ፤ የሚሰማው መልስ ከብዙ መጽሐፍ የማይገኝ ነው።

በትምህርት ቤት የሚደረገው መልመጃ ይህ ነው። ከወደቀ ቅርንጫፍ ርዝመታቸው አንድ ስንዝር፣ ውፍረታቸው እንደ ክንድ የሆነ ሦስት ጕማጅ በአንድ ቀን ይቈረጥ። አንደኛው ከነቅርፊቱ ይቅር፤ ሁለተኛው ይላጥ፤ ሦስተኛው ተልጦ ጫፎቹ በጭቃና በእበት ይለቅለቁ። በየአንዳንዱ ላይ ቍጥር ተጽፎ በነጋዴ ሚዛን ይመዘኑና ሦስቱም በአንድ ጥላ ይቀመጡ። በየሳምንቱ በገበያ ቀን እንደ ገና እየተመዘኑ ክብደታቸው ለሁለት ወር በደብተር ይጻፍ። የተላጠው በመዠመሪያ 840 ግራም መዝኖ በመጨረሻ 560 ላይ ቢቆም 280 ግራም ውሃ ወጥቶታል፤ ይኸውም ከቀረው ክብደት ግማሽ መሆኑ ነው፤ ሌሎቹንም እንዲሁ አስሉ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ የአንደኛውን ቅርፊት አንሥታችሁ ከሥሩ የትል መንገድ ወይም ሻጋታ መኖሩን ተመልከቱ፤ የሦስቱንም ስንጥቅ ቍጥርና ርዝመት በማስመሪያ ለክታችሁ ከክብደቱ አጠገብ ጻፉ።